ዙር ላይ ዝቅ የሚል ሰፈር

ወንድሜን የሰፈሩ ሰው «እንዝርት» ይለዋል። ስሙ የወጣለት በጎረምሳነቱ ነው። በአንድ እግሩ ቆሞ ሲሾር ፊቱና ጀርባው አይለይም ነበር ይላሉ። እኔ ታናሽ እህቱ ስለሆንኩ እለየው ነበር፤ ፊቱ ሁልጊዜ ሰው ወዳለበት ነው። ዛሬ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ሆዱም ከቀበቶው በላይ ብቅ ብሎ ከእሱ ቀድሞ መንገዱን ያያል። ስሙ ግን አላረጀም። የልጅ ልጅ ያየች ሴትዮ እንኳ መንገድ ላይ ስታገኘው «እንዝርቴ፣ ደህና አደርክ?» ትለዋለች፤ እሱም ኮፍያውን ከፍ አድርጎ አንገቱን ሰበር ያደርግላታል። ቤት ሲገባ ለእኔ ኮፍያ የሚያነሳልኝ የለም። «ሻይ የለም እንዴ?» ነው የሚለኝ።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው የእኔ ነው። የስፌት መኪናዬ፣ ካውያዬ፣ ደንበኛ ልብስ ለክቶ ራሱን የሚያይበት ረጅሙ መስታወቴ፣ ሰው «ዛሬውኑ አድርሺልኝ» ብሎ አምጥቶ ወር ሙሉ የማይወስደው ልብስ ሁሉ እዚያ ታጭቋል። የኋለኛው ሰፊው ክፍል የእሱ ነው። ወለሉ ሳንቃ ነው፤ ከሥራ የሚወጣው ሰው ሁሉ ወደ ማታ እየመጣ ዳንስ ይማርበታል። እነሱ ሲረግጡ የእኔ መኪና አብሮ ይዘላል። አንድ ሙሉ ሱሪ በሙዚቃ ምት የሰፋሁበት ቀን አለ፤ ባለቤቱ ለብሶት ሲሄድ ሰው መሀል ይወዛወዝ ይሆን ብዬ ከበር ሆኜ እስኪታጠፍ ድረስ አይቼዋለሁ።

እሱ ክፍል ውስጥም መስታወት አለ። ከአሮጌ ቁም ሳጥን የተነቀለ ነው። ሲያጓጉዙት የታችኛው ግማሽ ተሰበረና የተረፈውን ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ከወገብ በላይ ብቻ ነው የሚያሳየው። «ይበቃል፤ ዳንስ ማለት ፊት ነው» አለ። ስለዚህ ተማሪዎቹ ፊታቸውን በመስታወቱ፣ እግራቸውን በእሱ እግር እያዩ ይማራሉ።

ድሮ የቲያትር ቤቱ የዳንስ ቡድን አባል ነበር። እንዴት እንደወጣ ሲጠየቅ «ሌላው ሰው ከመድረክ ይወርዳል፤ እኔ ከነመድረኩ ነው የወረድኩት» ይላል። እውነቱን ነው፤ በልምምድ ላይ ሳለ ሳንቃው ተሰብሮ አብሮት ገባ። ግራ ጉልበቱ ተጎዳ፤ ድኖ ሲመለስ ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል። ስለ ሳንቃው ያወራል፣ ሳንቃውን ስላልጠገነው አናጺ ያወራል፣ ስለ አናጺው አባት ሳይቀር ያወራል። ስለ ጉልበቱ ግን አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም። ሲራመድ አያነክስም። ላለማነከስ የሚደክመውን ድካም ለሌላ ነገር ቢያውለው ይሄኔ ፎቅ ቤት ይኖረን ነበር።

የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱ የወጣበት ቡድን ውስጥ እሱ ያስተማረው አንድ ሰው እንዲገባ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ምኞት አልሰማሁበትም። በየጊዜው ጎበዝ የሚለውን እየመረጠ ለፈተና ይልካል፤ የላከው ሁሉ በሄደበት እግሩ ይመለሳል። «ፈታኞቹ ዓይን የላቸውም» ይልና ራቱን ሳይበላ ይተኛል። እኔ የእሱን ድርሻ እየበላሁ ወፈርኩ።

ሰፈራችን ግን የወንድሜን ዳንስ ተምሯል። ሰርግ ላይ ብትገኙ ታዩታላችሁ። ሁሉም ያምርበታል፣ ሁሉም ይሽከረከራል፤ ዙር ላይ ሲደርሱ ደግሞ ሁሉም በግራ እግራቸው ትንሽ ዝቅ ብለው ብድግ ይላሉ። ከሌላ ቦታ የመጣ እንግዳ «ይቺ ዝቅታ ምንድን ናት?» ብሎ ሲጠይቅ «የሰፈራችን ስታይል ናት» እንላለን። እንኮራባታለንም።

ትኬት የምንላት ልጅ ወደ ቤታችን የመጣችው ለዳንስ አይደለም፤ ለቁልፍ ነው። የከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ናት። የአውቶቡሱ በር የደንብ ልብሷን ቁልፍ ነክሶ አስቀርቶባት፣ «እትዬ፣ ተቆጣጣሪው ሳያየኝ ቶሎ ትከይልኝ» ብላ ገባች። እኔ ክር መርፌ ውስጥ ሳስገባ ከኋላ ሙዚቃው ተነሳ። አንገቷን አስግጋ በበሩ አየች።

ወንድሜ አያት። «ምን ታያለሽ?»

«ምንም። ሰው ሲወዛወዝ።»

«መወዛወዝ አይደለም፣ ዳንስ ነው።»

«ይሁና። እኔም ቀኑን ሙሉ ስወዛወዝ ነው የምውለው። ልዩነቱ እኔን የሚወዘውዘኝ አውቶቡስ ነው።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ወንድሜ አልሳቀም። «እስኪ ግቢና ቁሚ» አላት።

እንደ ቆመች ቀረች። እግሮቿን ከትከሻዋ አስፍታ፣ ጉልበቷን ላላ አድርጋ፣ ሳንቃው ላይ ተተከለች። ሙዚቃው ወደ ግራ ሲወስድ እሷ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች፤ አውቶቡስ ሲታጠፍ ሰው እንደሚያደርገው። ሙዚቃው ድንገት ሲቆም ደግሞ እጇ ወደ ላይ ተወርውሮ የሌለ ብረት ይጨብጣል። የባንክ ጥበቃ የሆነው ተማሪ «ቀጣዩ ፌርማታ!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም አብራ ሳቀች፤ እጇን ግን አላወረደችም።

ያን ቀን ወንድሜ ራቱን እየበላ «ይቺ ልጅ አትወድቅም» አለኝ።

«የት?»

«የትም። እግዜር እግሯን በሚስማር መትቶላታል። ሌላውን ሰው መቆም ሳስተምር ዕድሜዬ አለቀ፤ ይቺ ቆማ ነው የመጣችው። መንቀሳቀስ ብቻ ነው የቀራት።»

«አትፈልግም እኮ። የመጣችው ለቁልፍ ነው።»

«ትፈልጋለች። እጇን ሳታወርድ ስትስቅ አላየሽም?»

እኔ ያየሁት ክሩን ነው። ግን ልጅቷ በሳምንቱ መጣች። ምንም የተነቀለ ቁልፍ አልነበራትም። የተቀደደ ነገር አለ እንዳልል ጨርቁም ደህና ነው። «እትዬ፣ እስኪ ይቺን ቁልፍ አጠብቂልኝ» አለች፤ የጠበቀውን እያሳየችኝ። እኔም «ጋሼ ውስጥ ነው፤ ግቢ» አልኳት። ምን ይደረግ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ፌርማታ ሆነ። ከሥራ ስትወጣ ከነደንብ ልብሷ ትገባለች። ወንድሜ እግሯን ማቀራረብ ሲያስተምራት፣ አውቶቡሱን ከሰውነቷ ሲያወጣ ብዙ ጊዜ ፈጀ። ልጅቷ እንዳልተነሳ ሊጥ ነበረች፤ አንድ ቀን ሳይታሰብ ብድግ አለች። ወንድሜም ክፍሉ አልበቃ ብሎት እሷ የምትሠራበት አውቶቡስ ላይ እየተሳፈረ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄድ ጀመር። የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥና እሷ ሰው መሀል ስታልፍ «ተረከዝ!» ብሎ ይጮኻል። ተሳፋሪው ሁሉ ተረከዙን ያያል። «አገጭ!» ሲል አንዲት አሮጊት አገጫቸውን ቀና አደረጉ። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየ «አባት፣ እርስዎ ተሳፋሪ ነዎት ወይስ ታዳሚ?» አለው። ወንድሜ ቤት መጥቶ ሲነግረኝ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት ቆይቷል።

«ጋሼ» አልኩት አንድ ቀን፣ «ልጅቷን ምን ልታደርጋት ነው?»

«ለፈተና እልካታለሁ።»

«እንዳለፉት ሁሉ ብትመለስስ?»

ሻዩን አማሰለ። ስኳር አላደረገበትም፤ ዝም ብሎ አማሰለው። «ይቺ ከተመለሰች ክፍሉን ላንቺ ልብስ መስቀያ እለቅልሻለሁ» አለኝ። «በቃኝ ማለት ነው።»

ክፍሉን ስመኘው ስንት ዘመኔ ነው። በዚያች ደቂቃ ግን አስጠላኝ።

የፈተናው ቀን ልጅቷ ከሰዓት በኋላ መጣች። በሬ ላይ ቆመች። «እትዬ፣ ጋሼ አሉ?»

«በመስኮት ሲያይሽ ነው የቆየው። ‹የለም በያት› ብሎኛል።»

«አለሁ! ግቢ!» አለ ከውስጥ።

ገባች። ጥበቃው፣ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ልጅና ሌሎቹም ተማሪዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

«አለፍሽ?»

«አላለፍኩም።»

«ዓይን የላቸውም!»

«አላቸው ጋሼ። እንዲያውም መነጽር ጨምረውበታል። ባለ መነጽሯ ፈታኝ ሁለቴ አስደገመችኝ። ከዚያ ‹ልጄ፣ እግርሽን ያምሻል?› አለችኝ። ‹ኧረ ደህና ነኝ› አልኳት። ‹ታዲያ ዙር ላይ ለምን ታነክሻለሽ?›»

«ማን አነከሰ?»

«እኔም እንደሱ ነው ያልኳት። ‹ከእናንተ ሰፈር የሚመጣው ሁሉ ዙር ላይ ያነክሳል፤ ውሃችሁ ነው?› አለችኝ።»

ወንድሜ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ውሃችን! እኔ ያስተማርኩት ሰው ሊያነክስ? አንተ፣ ና!» ጥበቃውን ጠራው። «ዙር!»

ጥበቃው ቀበቶውን ሳብ አድርጎ «ዝቅታዋን አሳምሬ ልሥራት ጋሼ?» አለ።

«የምን ዝቅታ?»

«ይቺን የርስዎን። እኔ እኮ እሷን ለመያዝ ነው መከራዬን ያየሁት።» ዞረ። ግራ እግሩ ላይ ሲደርስ ዝቅ፣ ብድግ። ፊቱ ላይ ኩራት አለ።

ወንድሜ ወደ መድኃኒት ቤቷ ልጅ ዞረ። እሷም ዞረች፤ ዝቅ፣ ብድግ። «እኔ መጀመሪያ እምቢ ብላኝ ነበር» አለች ፈገግ ብላ። «በኋላ ግራ ጉልበቴን የሆነ ነገር ቆንጠጥ ሲያደርገኝ አሰብኩና መጣችልኝ።»

ሁሉም አንድ በአንድ ዞሩ። ሁሉም ዝቅ፣ ብድግ። ወንድሜ አንገቱን ወደ እኔ አዞረ። «አንቺ ነይ። አንቺ ዳንስ አልተማርሽም። ዙሪ።»

«እኔን ተወኝ፣ ስፒል አፌ ውስጥ ነው።»

«ዙሪ አልኩሽ!»

ስፒሉን ነክሼ ዞርኩ። ዝቅ ማለቴን ያወቅኩት ክፍሉ በሳቅ ሲፈነዳ ነው። «አብሬህ አድጌ ነው እንጂ» አልኩ፤ ስፒሉ ግን ቃሉን በላብኝ።

ወንድሜ አልሳቀም። ወደ እኔ ክፍል ሄዶ ረጅሙን መስታወቴን ከነልብስ አቧራው አቅፎ አመጣና ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ከእግር ጥፍር እስከ ራስ የሚያሳይ መስታወት እዚያ ክፍል ሲገባ የመጀመሪያው ነው። ፊት ለፊቱ ቆመ። ዞረ።

ዝቅ፣ ብድግ።

ቀስ ብሎ ደገመው። ከእኛ ሁሉ የእሱ ይጎላል። እኛ ዝቅ የምንለው ለምደን ነው፤ እሱን ጉልበቱ ነው የሚጥለው።  ጥበቃው ቆቡን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ አላውቅም። ወንድሜ ኮፍያውን አድርጎ ወጣና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

ተማሪዎቹ በጓሮ በር እየሾለኩ ሄዱ። ትኬት ግን በፊት በር ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። የእኔ መኪና ከመስኮቱ ሥር ነው፤ ሳልፈልግም ይሰማኛል። እውነቱን ለመናገር ፔዳሉንም አልረገጥኩትም።

«ጋሼ፣ ያምዎታል?»

«ምኑ?»

«ጋሼ።»

ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ዙር ላይ ብቻ» አለ።

«ሁልጊዜ?»

«ዙር ላይ፣ ሁልጊዜ።»

በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ይቺን ቃል እኔ ሰምቻት አላውቅም። ትኬት ቆራጭ ጠየቀችውና ነገራት።

«ይሄን ሁሉ ሰው ሕመሜን ነው ያስተማርኩት ማለት ነው» አለ። «ያን ሁሉ ልጅ የመለስኩት እኔ ነኝ።»

«እኛ እኮ ቆንጆ መስሎን ነው የተማርነው።»

«አታሹፊ።»

«አላሾፍኩም። ጥበቃውን አላዩትም? ሲሠራት ከንፈሩን ይልሳል።» እሱ ሳይወድ በአፍንጫው ሳቀ። እሷ ቀጠለች፤ «ፈታኟ ‹ሚዛንሽን ወድጄዋለሁ፤ ይሄን ነገር አጥፍተሽ ለሁለተኛው ዙር ተመለሺ› ብላኛለች። መጀመሪያ ይሄን ልነግርዎ ነበር፤ ስለ ዓይን ሲያወሩ ጊዜ አላገኘሁም።»

«እንዴት ነው የምታጠፊው? በእግርሽ ገብቷል።»

«እርስዎ ካላሳዩኝ ይጠፋል።»

«ሳላሳይ እንዴት ላስተምር?»

«በአፍዎ። አፍ እንደሆን አለዎት።»

እንዲህ ሆነና ወንድሜ በወንበር ላይ ተቀምጦ ማስተማር ጀመረ። ጀመረ ልበል እንጂ መቀመጥ አልቻለም። ሙዚቃው ሲነሳ አብሮ ይነሳል፤ «እንደዚህ» ብሎ ሊያሳይ ሲል ልጅቷ ዓይኗን በሁለት እጇ ትሸፍናለች። በመጨረሻ ራሱ ተማርሮ «እቴ፣ ከወንበሩ ጋር እሰሪኝ» አለኝ። ከመጋረጃ የተረፈ ወፍራም ጨርቅ ነበረኝ፤ ወገቡን አዙሬ ከኋላ ቋጠርኩት። ከልጅነታችን ጀምሮ የሚገባው ነገር ስለነበር በደስታ ነው ያጠበቅሁት።

ታስሮ ሲቀመጥ ደግሞ ቃል እንደሌለው አወቀ። ዕድሜ ልኩን በእግሩ ሲያወራ የኖረ ሰው ነው።

«ግራ እግርሽ ላይ ስትደርሺ… እንትን አድርጊ።»

«እንትን ምን?»

«እንትን ነዋ! ሽቅብ… እንትን!»

«ጋሼ፣ በዚህ ዓይነት እትዬ ታስተምረኝ፤ የእሷ ቋንቋ ይሻላል።»

ቃሉን የተዋሱት ከአውቶቡሱ ነው። እሷ ናት ያመጣችው። «ጋሼ፣ እኔ ዝቅ ስል ልክ ጎማው ጉድጓድ የገባ ነው የሚመስለኝ» አለች። ወንድሜ ከነወንበሩ ዘለለ። «ጉድጓድ! ጎሽ! ሙዪው ጉድጓዱን! አስፋልት አድርጊው!» ከዚያ በኋላ እኔ ክፍል የሚሰማው ሁሉ የመንገድ ሥራ ሆነ። «ፍሬን አትያዢ!» «ቀስ ብለሽ ታጠፊ፣ አሮጊት አሳፍረሻል!» «ጭነቱ ወደ ቀኝ ሄደ!» ልብስ ሊለካ የመጣ አንድ ሰውዬ «ወንድምሽ መንጃ ፈቃድ ማስተማር ጀመረ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ፣ ምን ይደረግ» አልኩት።

ዝቅታዋ ግን አልለቀቀችም። ለአንድ ዙር ትጠፋለች፣ በሚቀጥለው ትመጣለች። ልጅቷ ራሷ መቼ እንደምትመጣ አታውቅም። ያኔ ወንድሜ የቁልፍ ቆርቆሮዬን ፈለገ። ከየልብሱ የተረፈ ቁልፍ የማጠራቅምባት ናት። «አናቷ ላይ ታስቀምጠው» አለ። «ዝቅ ካለች ይንኳኳል።»

ተንኳኳ። ወደቀም። ቁልፎቼ በሳንቃው ክፍተት እየገቡ ቀሩ፤ እስከ ዛሬ ድረስ እዚያ ወለል ሥር ሦስት ኮት የሚያስቆልፍ ሀብት አለኝ። በየቀኑ ከሰል እንደምትለቅም ሴት በጉልበቴ እየዳህኩ ቁልፍ እለቅማለሁ። ጥበቃው ሊያግዘኝ ጎንበስ ይልና ሲነሳ ዝቅ፣ ብድግ ይላል። እሱ እምቢ ብሏል፤ «እኔ ዝቅታዬን አልሰጥም፤ ባለቤቴ የወደደችኝ በእሷ ነው» ብሎ ለወንድሜ ቁርጥ አድርጎ ነግሮታል።

አንድ ቀን ካውያ ይዤ ሳለ ሙዚቃው እየሄደ የቁልፍ ድምፅ አልሰማ አለኝ። ልጅቷ ሄዳ ይሆናል ብዬ አንገቴን አስገባሁ። አለች። ቆርቆሮዋን ተሸክማ ትዞራለች፤ ግራ እግሯ ላይ ትደርሳለች፤ ቆርቆሮዋ ዝም። እንደገና፤ ዝም። ወንድሜ ወንበሩ ላይ ታስሮ አፉን ከፍቶ ያያል።  የሚሸተኝ ምንድን ነው ብዬ ስዞር የሰው ሸሚዝ እጅጌ አቃጥያለሁ።

ለሁለተኛው ፈተና «እኔ አልሄድም፤ ሳያዩኝ ይሻላል» ሲል ከርሞ ሲነጋ ኮቱን ለብሶ ከበር ቆሞ አገኘሁት። «ብቻዋን ትደነግጣለች» አለ። «ማን ነው የሚደነግጠው?» አልኩት። እኔንም ጎትቶ ወሰደኝ። እኔ ደግሞ ቀጠሮ ያለበት ሱሪ ቆርጬ ትቼ ነው የሄድኩት።

የመፈተኛው አዳራሽ ፎቅ ላይ ነው። ልጅቷ ገባች፣ በሩ ተዘጋ። እኛ ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ግድግዳው በቆዩ የትርዒት ፎቶዎች ተሞልቷል፤ ወንድሜ አንዱንም ቀና ብሎ አላየም። ሙዚቃው ሲጀምር ዓይኑን ጨፈነ።

«ምን ትሠራለህ?»

«ዝም በይ። እየሰማሁ ነው።»

በበሩ ሥር የሚመጣው የእግር ድምፅ ብቻ ነው። እኔም ሰማሁ። ያቺን ዝቅታ ዕድሜ ልኬን ከግድግዳ ማዶ ስሰማት ስለኖርኩ ድምፅዋን አውቀዋለሁ። ዙሩ ሲመጣ ከእርምጃዎቹ መሀል አንዷ ከበድ ብላ «ዱብ» ትላለች። የልጅቷ እርምጃ ወደ ዙሩ ተጠጋ። ወንድሜ ክንዴን ያዘ። አያያዙ የሰው ክንድ እንደያዘ ሰው አልነበረም፤ የአውቶቡስ ብረት ነበርኩ። ዙሩ መጣ።

ቀላል ሆኖ አለፈ። ዱብ ያለ ነገር የለም።

ሁለተኛው ዙርም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ክንዴን ለቀቀኝ፤ ደም ተመልሶ ሲሄድ ተሰማኝ። ሙዚቃው ቆመ። ከዚያ ወሬ፣ ወንበር ሲጎተት፣ እንደገና ወሬ። ወንድሜ «ምን አወሩ?» ይለኛል። «በሩ እንጨት ነው ጋሼ፤ እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ» አልኩት።

በሩ ተከፈተና መጀመሪያ የወጣችው ባለ መነጽሯ ፈታኝ ናት። ቀጭን፣ ቀጥ ያለች ሴትዮ። ወንድሜን ከኮፍያው እስከ ጫማው አየችው።

«ያ ሰፈር እርስዎ ነዎት?»

ተነሳ። «እኔ ነኝ» አለ።

«ሰኞ ትጀምራለች። ከኋላ መስመር ነው የማቆማት፤ ገና ናት። ግን ቀጥ ብላ ነው የምትዞረው።» ልትሄድ ስትል ቆም አለች። «ሌላ ካለዎት ይላኩልኝ።»

ትኬት ከኋላዋ ብቅ አለች። ላቧ አልደረቀም። አየችው፣ አያት። በመጨረሻ እሷ «ጋሼ፣ ሹፌሩን ምን ልለው ነው? ሰኞ ጠዋት ተረኛ ነኝ» አለች።

«እኔ እነግረዋለሁ። እኔን ይፈራል።»

«እርስዎን አይፈራም፣ ይሰለችዎታል።»

«ያው ነው።»

ደረጃውን መውረድ ጀመርን። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ወንድሜ ቆመ። የደረጃውን ብረት ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ እግሩንም ዘረጋ።

«ጉልበቴን አመመኝ» አለ፤ ጮክ ብሎ፣ የሚወጣው የሚወርደው ሰው እየሰማ።

እኔና ትኬት ተያየን። እኔ ልቀመጥ ወይ ላንሳው ሳላውቅ ቦርሳዬን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዘዋወርኩ። «ሐኪም ቤቱ እኮ ከዚህ ሁለት መታጠፊያ ነው» አልኩ።

«እንሄዳለን። ይደርሳል።» ወደ ልጅቷ ዞረ። «በሩ ተዘግቶ ነበር። አላየሁም። እስኪ እዚህ አሳዪኝ።»

«እዚህ? ሰው ይሄድበታል እኮ ጋሼ!»

«ሰው ይጠብቃል።»

ቦርሳዋን እኔ ላይ ወረወረችና መታጠፊያው ላይ፣ በዚያች ጠባብ ቦታ፣ ዞረች። ሙዚቃ የለም፤ የጫማዋ ድምፅ ብቻ። ቀጥ ብላ ወጣች፣ ቀጥ ብላ ተመለሰች። ፋይል የታቀፈ ጸሐፊ ከታች መጥቶ ሊያልፍ ሲል ቆመ።

«ድገሚው» አለ ወንድሜ።

ደገመችው።

«ድገሚው።»

«ምኑ ተበላሸ ጋሼ?»

«ምንም አልተበላሸም። ድገሚው ነው ያልኩሽ።»

ጸሐፊው ፋይሉን ብረቱ ላይ አስደገፈ። ከላይ የሚወርዱም ቆሙ። እኔም ምን ይደረግ፣ ሁለት ቦርሳ ታቅፌ ከጎኑ ተቀመጥኩ።